ድመቷ ስታረግዝ፦ ለእናቲቱ፣ ለግልገሎቿና ለቤተሰቡ ጤና

መግቢያ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንማማረው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ክትባት ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ድመት ናት። «ለሰው ያልተዳረሰ ደግሞ ለድመት!» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ አምስትና ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል ስንኖር፣ በካኩማና በዳዳብ መጠለያዎች እህላችንን በጆንያ ስናስቀምጥ፣ አይጥን ከእህሉና ከልጆቻችን የምታርቅልን እሷ ናት። ድመቷ የምትተኛው ልጆች በሚተኙበት ነው፤ የምትጸዳዳውም እኛ በምንመላለስበት ቦታ ነው። ስለዚህ የእሷ ጤና ከቤቱ ጤና ተለይቶ አይታይም።

የትምህርቱ ዋና መልእክት አጭር ነው። ድመት ለመውለድም ሆነ ልጆቿን ለማሳደግ ብዙውን ጊዜ የሰው እጅ አትፈልግም። ከእኛ የምትፈልገው ሥጋነት ያለው ምግብ፣ ጸጥ ያለ ሙቅ ቦታና ትንሽ ርቀት ነው። የእኛ ሥራ እርዳታ የሚያስፈልግባትን ጥቂት ሰዓት ለይቶ ማወቅ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው፦
1. የድመት እርግዝና ምልክቶችንና የመውለጃ ጊዜዋን ያውቃል፤
2. በወሊድ ጊዜ ተፈጥሯዊ የሆነውንና አደገኛ የሆነውን ይለያል፤
3. ግልገሎቹን ከብርድ፣ ከረሃብና ከበሽታ ይጠብቃል፤
4. ነፍሰ ጡር ሴቶችንና ሕፃናትን ከድመት ከሚመጡ በሽታዎች ይከላከላል።

1. እርግዝናዋን እንዴት እናውቃለን?

ድመት የምታረግዘው ለዘጠኝ ሳምንት ያህል፣ ማለትም ከ63 እስከ 65 ቀን ነው። በእኛ የቀን አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ጳጉሜ ካልገባበት ሁለት ወር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይሆናል። ጥር 1 ቀን ከወንድ የተገናኘች ድመት መጋቢት 4 እና 6 መካከል ትወልዳለች ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ጥቂት ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አያስደነግጥም።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦
- በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የጡቷ ጫፎች ይቀላሉ፣ ጎላ ጎላም ይላሉ።
- ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ ሆዷ ይታያል።
- በመጨረሻው ሳምንት ጡቷ ይሞላል፤ ድመቷም ጨለማና ስውር ቦታ መፈለግ ትጀምራለች።

ሆዷን በጣት እየጫኑ ልጆቿን ለመቁጠር መሞከር ጽንሱን ይጎዳል። ልጆች እርጉዝ ድመትን ሆዷን ይዘው እንዳያነሷት ንገሯቸው።

2. ምን እንመግባት?

ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት። ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋትን ቶሪን የተባለ ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ብቻ ነው። እንጀራና ሽሮ ሆዷን ይሞላ ይሆናል እንጂ በማኅፀኗ ያሉትን አይገነባም። በጾም ወራት ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሁሉ ከሥጋና ከወተት ሲርቅ፣ ድመቷም ሳታውቀው ትጾማለች። የእርግዝናዋ ዘመን ደግሞ ከዚህ ብዙም የረዘመ አይደለም። ጾም የሰው ነው፤ ለእሷ ድርሻዋን ለይቶ ማዘጋጀት ጾሙን አይነካም።

በናይሮቢ ርካሹ መፍትሔ ኦሜና ነው። ጊኮምባን በመሰሉ ገበያዎች የሚሸጠውን ይህን ደረቅ ትንሽ ዓሣ አሸዋው እስኪለቅ እጠቡት፣ ያለ ጨው ቀቅሉት፣ ቀዝቀዝ ሲል ስጧት። የተቀቀለ ሳንባ፣ የዶሮ ጭንቅላት ሥጋ ወይም የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ጉበት በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ በትንሹ ይበቃል። ኡጋሊ ቢቀላቀልበት አይጎዳትም፤ ብቻውን ግን አይበቃትም።

ወጥ አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ለእሷ የሚሆነው ሥጋ ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይነሣ።

በእርግዝናዋ መጨረሻ ከወትሮው አንድ ተኩል ያህል ትበላለች። ስታጠባ ደግሞ እንደ ልጆቿ ብዛት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያስፈልጋታል። ንጹሕ ውኃ ከአጠገቧ አይጥፋ።

3. በቤቱ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች

ብዙ ቤተሰብ እናት ስታረግዝ ድመቷን አውጥቶ ይጥላል። ምክንያቱ ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለው በሽታ ነው። ይህ በሽታ በእርግጥ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊያስወርድ፣ የሕፃኑንም ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎችም፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ላለና ሕክምና ላልጀመሩ፣ አደገኛ ነው። ነገር ግን መንገዱን ካወቅን ድመቷን መጣል አያስፈልግም።

ጥገኛ ተሕዋስያኑ ከድመት የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣውም ድመቷ መጀመሪያ በተያዘችበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ዓይነ ምድሩ እንደ ወጣ ወዲያው አይተላለፍም፤ ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን መቆየት አለበት። በየቀኑ የሚጸዳ ሳፋ ስጋቱን እጅግ ይቀንሰዋል የምንለው ለዚህ ነው። ሰው በሽታውን በብዛት የሚያገኘው በደንብ ካልበሰለ ሥጋና በአፈር ከተበከለ አትክልት ነው። ስለዚህ፦
- የድመቷን ሳፋ ነፍሰ ጡሯ አታጽዳ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፣ ሳፋውንም በፈላ ውኃ ያጥበው።
- የሚያግዛት ሰው ከሌለ ጓንት ወይም ፌስታል በእጇ አድርጋ በየቀኑ ታጽዳ፤ ከዚያም እጇን በሳሙና ትታጠብ።
- ነፍሰ ጡር ጥሬ ሥጋና ክትፎ፣ ለብለብም ቢሆን፣ እስክትወልድ ትተው።
- ሱኩማና ሰላጣ በብዙ ውኃ ይታጠብ።
- ለድመቷም ጥሬ ሥጋ አይሰጣት፤ በሽታውን ልታገኝ የምትችለው ከእሱም ነውና።

4. የመውለጃ ቦታ

ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት በፊት ቦታ አዘጋጁላት። ካልሆነ ራሷ ትመርጣለች፤ ምርጫዋም የልብስ ሻንጣችሁ ወይም የሕፃኑ አልጋ ሊሆን ይችላል። አንድ ካርቶን ይበቃል። በአንድ ጎኑ መግቢያ ቁረጡለት። ግልገሎቹ ወጥተው እንዳይወድቁ ግን ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ግድግዳ ተዉለት። ውስጡ ጋዜጣ፣ በላዩ ንጹሕ የሚቱምባ ጨርቅ ይነጠፍ። ጥፍር የሚይዝ ክር የበዛበት ጨርቅ አይሁን።

ናይሮቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ካርቶኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ ይደረግለት፣ ከበሩ ሥር ከሚገባ ነፋስም ይራቅ። በካኩማና በዳዳብ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ቆርቆሮ የሚያነድደው ቦታ ላይ ሳይሆን ጥላ ባለበት አስቀምጡት።

ከሰል በሚነድበት ዝግ ክፍል ግን አታሙቋት። የከሰል ጭስ ሰውንም ድመትንም ይገድላል።

5. በወሊድ ሰዓት

መውለጃዋ ሲደርስ መብላት ታቆማለች፣ ትንቆራጠጣለች፣ ካርቶኑን ትጭራለች፣ ትጮኻለች። ይህ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ምጡ ይጠናና ግልገሎቹ ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያልፋል። በጅራት በኩል መምጣት በድመት ዘንድ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። እናቲቱ ሽፋኑን ትቀዳለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች፣ የእንግዴ ልጁንም ትበላለች። ይህ ሁሉ ተፈጥሮዋ ነው። መብራቱን ቀንሱ፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፣ አንድ የምታውቀው ሰው ብቻ ከሩቅ ይመልከታት። አንዳንዴ ድመት በመካከል አርፋ፣ ልጆቿን እያጠባች ለሰዓታት ትቆይና እንደገና ታምጣለች። ከተረጋጋችና ካልተጨነቀች ይህም ጤናማ ነው።

እጃችን የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው፦
- እናቲቱ የግልገሉን ሽፋን በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልቀደደች፣ በታጠበ እጅ ከአፍንጫው በኩል ቅደዱለት። አፉን ጥረጉ፤ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ እስኪጮኽ በደረቅ ጨርቅ እሹት። ግልገሉን አታወዛውዙት።
- እትብቱን ካልቆረጠች፣ ከሆዱ ሁለት ጣት ያህል ርቃችሁ በተቀቀለ ክር እሰሩ፤ ከክሩ ወዲያ በተቀቀለ መቀስ ቁረጡ፤ ጫፉን አዮዲን ቀቡ። እትብቱን አትጎትቱ።

ወደ እንስሳት ሐኪም ሳይዘገዩ መሄድ የሚያስፈልገው፦
- ለ30 ደቂቃ አጥብቃ ካማጠች በኋላ ምንም ካልወጣ፤
- ግልገሉ ለ10 ደቂቃ ያህል በግማሽ ወጥቶ ከቀረ፤
- ትኩስ ደም ከ10 ደቂቃ በላይ ከፈሰሳት፤
- የሚሸት ፈሳሽ ካላት ወይም መነሣት ካቃታት።

በናይሮቢ በአጭሩ ኬ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የሚባለው የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር ካረን፣ ላንጋታ መንገድ ላይ ይገኛል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍልም በላይኛው ካቤቴ ነው። ከኢስሊ ሁለቱም ሩቅ ስለሆኑ ስልካቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውንና ዋጋቸውን አሁኑኑ ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉ። በማታቱ ለመውሰድ አየር ማስገቢያ የተበሳ፣ በገመድ የታሰረ ካርቶን ይሆናል። በመጠለያ ያላችሁ የካውንቲውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አድራሻ ከበጎ ፈቃደኞች ጠይቁ።

6. የግልገሎቹ የመጀመሪያ ሳምንታት

ግልገል ሲወለድ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። አያይም፣ አይሰማም፣ የራሱን ሙቀትም መጠበቅ አይችልም። የመጀመሪያው ጡት፣ ማለትም እንገሩ፣ ከበሽታ የሚጠብቀውን ኃይል የሚሰጠው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ሁሉም መጥባታቸውን ተመልከቱ። የጠገቡ ግልገሎች ተደራርበው ጸጥ ብለው ይተኛሉ። የሚያለቅስ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚቀር ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ ካለ ታሟል ወይም ተርቧል ማለት ነው። ጤናማ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል፤ በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል።

- 1ኛ ሳምንት፦ ጨርቅ ለመቀየር ካልሆነ አትንኳቸው። እናቲቱ ከተረበሸች አፏ ውስጥ ይዛ ወደማታውቁት ቦታ ትወስዳቸዋለች።
- 2ኛ ሳምንት፦ ዓይናቸው ይከፈታል። በግድ አትክፈቱት። ዓይኑ መግል ከያዘ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ጥጥ ጥረጉ።
- 3ኛ ሳምንት፦ መራመድ ይጀምራሉ። የአንጀት ትል መድኃኒት የሚጀመረውም በዚህ ጊዜ ነው። እስከ 8 ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል፤ እናቲቱም አብራ ትውሰድ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ከአግሮቬት ስትገዙ ክብደታቸውን ንገሩ። የሰው መድኃኒት አትስጡ።
- 4ኛ ሳምንት፦ የላመ ሥጋ ወይም ዓሣ ማስቀመስ ይቻላል። ለመጸዳጃ አሸዋ ያለበት ዝቅ ያለ ሳፋ አቅርቡላቸው።
- 8ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያ ክትባት። ከዚህ በፊት ከእናታቸው አይለዩ።
- 3ኛ ወር፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት።

እናቲቱንም አትርሱ። ጡቷ ከጠጠረና ከጋለ፣ የሚሸት ፈሳሽ ካላት፣ ወይም በሚያጠቡት ሳምንታት ከተንቀጠቀጠችና ሰውነቷ ከደረቀ በዚያው ቀን ሐኪም ትፈልጋለች። መንቀጥቀጡ የካልሲየም እጥረት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

7. እናታቸውን ያጡ ግልገሎች

መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ወተት። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት መፍጨት አይችልም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሙሉ፣ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከጎናቸው አስቀምጡ። ቢሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታም ይኑር። የምታጠባ ሌላ ድመት በጎረቤት ካለች ከሁሉ የሚሻለው እሷ ናት። ካልተገኘች ለድመት ግልገል የተዘጋጀውን የዱቄት ወተት ከእንስሳት ሐኪም ወይም ከአግሮቬት ጠይቁ። የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥ ደግሞ ትንሽ ግልገልን በአንድ ቀን ይገድላል። የዱቄቱ ወተት እስኪገኝ ስኳር የሌለው የፍየል ወተት ለአንድና ሁለት ቀን ማቆያ ሊሆን ይችላል፣ ምትክ ግን አይሆንም።

በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይጠባሉ። በሆዳቸው ተኝተው ይጥቡ፤ በጀርባቸው ከተኙ ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ከጠቡ በኋላ ለብ ባለ ውኃ በረጠበ ጥጥ ከጅራታቸው ሥር አበስ አበስ አድርጉ። እናታቸው እየላሰች የምታሸናቸው ናትና ያለዚህ መሽናት አይችሉም።

8. በቤት ውስጥ ያሉ ገዳዮች

- ፓናዶል፦ አንድ ፍሬ ድመትን ይገድላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ናቸው።
- የአይጥ መርዝ፦ መርዝ የበላች አይጥን ድመት ትበላለች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው ይሆናል። ድመት ባለበት ግቢ መርዝ አይረጭ፤ ጎረቤትንም አስረዱ።
- ለቁንጫ የሚቀባ ነጭ ጋዝና ለውሻ የተሠራ መድኃኒት፦ ሁለቱም ድመትን ይመርዛሉ። ፐርሜትሪን ያለበት ነገር ሁሉ ይራቃት። የግልገሎችን ቁንጫ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ልቀሙ፣ ጨርቃቸውንም በፈላ ውኃ እጠቡ።

9. ንክሻና ጭረት

የምታጠባ ድመት ልጆቿን ስትከላከል ትነክሳለች። አዲስ አበባ የነበርን ሁሉ በውሻ የተነከሰ ሰው «ፓስተር» እንደሚሄድ እናውቃለን። ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለሰው መጀመሪያ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ እሱ ያረፈበት መስከረም 28 ቀን እ.ኤ.አ. የበሽታው መታሰቢያ ዕለት ሆኖ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ይከበራል። ኬንያም በ2014 እ.ኤ.አ. በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እስከ 2030 ለማጥፋት ዕቅድ አውጥታለች። በሽታው በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ግን ያድናል።

ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ቡናም ሆነ አመድ አትነስንሱበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕፃናት ግልገል ከነኩ በኋላ ሁልጊዜ እጃቸውን ይታጠቡ፤ የአንጀት ትልና ጭርት ከግልገል ወደ ሕፃን ይተላለፋሉ።

10. ቀጣዩ እርግዝና

ድመት በአራትና አምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ ልጆቿን እያጠባችም ልትደግም ትችላለች። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ስትወልድ ግልገሎቹ የሚመግባቸው አጥተው ገበያ ዳር ይጣላሉ፤ ያልተከተቡ የሰፈር ድመቶችም ይበዛሉ። መፍትሔው ግልገሎቹ ጡት ከተዉ በኋላ እናቲቱን ማምከን ነው። ቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አይጥ መያዟንም አያስተዋትም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለም? እስከዚያው ከቤት አታስወጧት።

ለበጎ ፈቃደኞች የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ባል ሚስቱ ስላረገዘች ድመቷን ሊጥላት ፈለገ። ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ? ድመቷ ሳትጣል ቤተሰቡ ማድረግ ያለበትን ሦስት ነገር ጥቀሱ።
2. በሌሊት አንዲት ድመት አንድ ግልገል ወልዳ፣ እያጠባችው ለሦስት ሰዓት አረፈች። ሌላዋ ደግሞ ለ40 ደቂቃ አጥብቃ አማጠች፣ ምንም አልወጣም። ሐኪም የሚያስፈልጋት የትኛዋ ናት? ለምን?
3. የቀዘቀዘ ግልገል ብታገኙ መጀመሪያ ወተት ነው ወይስ ሙቀት?
4. በሰፈራችሁ በጾም ወቅት ለድመት ምን መመገብ ይቻላል? ዋጋውንና የሚገኝበትን ቦታ ተጠያየቁ።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። በተለይ የፓናዶሉንና የ15 ደቂቃውን እጥበት ሳትነግሩ አትለፉ።

መልካም ጤንነት ለሁላችን!